እስከ ለምለም ደርሶ መልስ

እናቴ መኪና አትወድም ነበር። ከካዛንቺስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ የምትመላለሰው ለጽድቅ ብቻ ብላ እንዳልሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ታክሲ ውስጥ ገና እግሯን ስታስገባ ያቅለሸልሻታል። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ከፊቴ ተቀምጣ፣ «ያቺ መኪናህ ባረንቱ ድረስ ትሄዳለች ወይ?» ስትለኝ ዳቦዬን አስቀምጬ አየኋት።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የምሕንድስና ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ የምሠራ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሚስት ሳያገባ እናቱ ቤት የቀረ ሰው ነበርኩ። ሀብቴ የምለው ከጨረታ የገዛኋትን አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። የሰፈር ልጆች «ጡረተኛዋ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሥቼ ድምጿን ስሰማ ደስ ይለኛል እንጂ ሩቅ ይዣት ሄጄ አላውቅም። ሩቅ ለመሄድ ሩቅ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም።

እናቴ ግን ነበራት። የተወለደችው ዛላምበሳ አጠገብ ነው። ታላቅ እህቷ ለምለም ማዶ ተድራ ሰንዓፈ ገባች። በዚያን ዘመን ማዶ ማለት የገበያ መንገድ ማለት ስለነበር ማንም እንደ ሌላ አገር አይቆጥረውም። እናቴ አግብታ አዲስ አበባ ከመጣች በኋላም እንኳ በየዓመቱ በሰውና በስልክ ይጠያየቁ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ለምለም ከልጆቿ ጋር ሸሽታ ወደ ባረንቱ ቆላ ወርዳለች የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ደረሰን፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማንም።

እናቴ ስለ እህቷ ስታወራ ግን ትናንት እንደተለያዩ ነበር የምታወራው። ወጥ ጨው ሲበዛበት «ለምለም ብታይ ትስቅብኝ ነበር» ትላለች። እኔ ዘግይቼ ስገባ «ለምለም የአንተን ጠባይ አትችለውም» እያለች ታስፈራራኛለች። አይቻት የማላስታውሳት አክስቴ በቤታችን ውስጥ ከእኔ የበለጠ ድምፅ ነበራት።

ድንበሩ የተከፈተ ሰሞን ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ አውቶብስ ላይ ወጣ። ስልክም ተከፍቶ ስለነበር እናቴ በሰው በሰው አስመራ ድረስ አስጠየቀች፤ ለምለም ያለችበትን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልተገኘም። አንድ ነጋዴ ብቻ ከባረንቱ ወጣ ብላ ባለች መንደር በዚህ ስም የምትጠራ አሮጊት አውቃለሁ አለ። መቼ እንዳያት ሲጠየቅ «ቆየት ብሏል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ለእናቴ ይኸው በቃት። በአውቶብስ እንዳትሄድ ደግሞ ወገቧ ታማሚ ነው፤ መራመድ እንጂ ቁጭ ብሎ መዋል አትችልም። ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎላት ጋደም ብላ መሄድ አለባት። ጡረተኛዋ የታሰበችው ለዚህ ነው።

አዲግራት ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ተስፋይ በስልክ መከረኝ። ማዶ ናፍጣ በኩፖን ስለሆነ ለእኛ ታርጋ እንደማይሸጡ፣ በጀሪካን ጭኜ ልለፍ ብል ደግሞ ኬላ ላይ እንደሚያስወርዱኝ ነገረኝ። ስለዚህ አዲግራት ላይ ሞልቼ፣ ባረንቱ ደርሼ፣ አዲግራት እስክመለስ የሚበቃኝ ነዳጅ በመኪናዋ ሆድ ውስጥ መኖር አለበት። ነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ ያው ሰልባትዮ የምንለው፣ ለመሄድ ይበቃል፤ ለመመለስ ግን አይበቃም። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «መሄጃው ካለ መመለሻው አይጠፋም» አለችኝ። እኔ ግን በረሃ ላይ ከእናቴ ጋር ቆሜ መቅረትን ፈራሁ።

ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ጋሽ ወርቁ የሚባል ሰው አለ። በረሃ ለሚወርዱ መኪኖች ትልልቅ ሰልባትዮ በመሥራት የታወቀ፣ ወሬ የሚወድ፣ ሲሠራም ሲያወራም እኩል የሚጣደፍ ሰው ነው። ጡረተኛዋን ከሥር ተኝቶ አያትና «እኔ የምሠራልህን ሆድ ከያዘች ማደያን ለጌጥ ነው የምታየው» አለኝ። ከሥር ተሰቅሎ የነበረውን ትርፍ ጎማ አውጥቶ በኋላ በር ላይ አሰረው። በጎማው ቦታ የሚገባውን ሰልባትዮ ከወፍራም ላሜራ አጥፎ በየደ፤ ናፍጣው ዳገት ቁልቁለት ላይ እንዳይናጥም ውስጡን ከፋፈለው። ሲጨርስ ውሃ ሞልቶ የሚያንጠባጥብ ቦታ እንዳለ ፈተሸ፤ ከዚያ ገልብጦ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

እናቴ ሥራውን ለማየት በእግሯ መጣች። ከካዛንቺስ ቡልጋሪያ ቀላል መንገድ አይደለም። ሰልባትዮውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «ይህ ሁሉ ሆድ ነው?» አለች።

«የግመል ሆድ ነው፣ እማማ» አላት ጋሽ ወርቁ።

«በየት በኩል ነው የምትጠጣው?»

ጋሽ ወርቁ በደስታ አሳያት። ክዳኑን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና ከፍቶ አሳያት። ሁለታችንም ጥያቄዋ ለጨዋታ መስሎን ነበር።

የምንሄድበት ጠዋት ደረሰ። እናቴ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ያስታውቃል። ለለምለም በርበሬ፣ ያልተቆላ ቡና፣ የወገብ ቅባትና አዲስ ነጠላ አስጭናለች። ጎረቤቶች ወጥተው ሸኙን። ኡራኤል በር ላይ አቁሜላት ወረደችና ተሳለመች፤ ተመልሳም ፍራሿ ላይ ጋደም አለች። «በል በስሙ» አለችኝ። ማርሽ አስገብቼ ወደ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።

ገና ጥቂት እንደሄድን ጡረተኛዋ አነቃት። ነዳጅ ብሰጣትም ጉልበት የላትም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገራገጨችና መሐል መንገድ ላይ ፀጥ አለች። ባስነሣት፣ ባስነሣት እምቢ አለች። ከኋላዬ የታክሲው ሁሉ ጥሩምባ ይጮሃል። አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «አባት፣ እዚህ ሊያድሩ ነው እንዴ?» ይለኛል፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እናቴ ታለቅሳለች ብዬ በመስታወት አየኋት። አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯ ተፈትቶ፣ ከባድ እንስራ ከጀርባዋ ያወረዱላት ሴት መስላ ነበር። ነገሩ ገረመኝ፤ ግን ጥሩምባው ፋታ ስላልሰጠኝ ለጊዜው ተውኩት።

አስጎትተን ቡልጋሪያ ተመለስን። ጋሽ ወርቁ ሲያየን የሰማይ ስባሪ የወደቀበት መሰለ፤ ከእሱ እጅ የወጣ መኪና ሃያ ሁለት እንኳ ሳይደርስ ተመለሰ ማለት ለስሙም ውርደት ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ፈታና በውስጡ ያለውን በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳው። አስቀምጦ ጥቂት ጠበቀ። ናፍጣው ወደ ላይ ሰፈፈ፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ቀረ።

«ውሃ» አለ ጋሽ ወርቁ።

«ሲፈትሹ የሞሉት ይሆናላ» አልኩ። ድምፄን ለመቆጣጠር እየታገልኩ ነው።

ጋሽ ወርቁ ፊቱ ተለወጠ። ሰልባትዮውን እንዴት እንዳደረቀው፣ በጨርቅ እንደወለወለው፣ በናፍጣ እንዳለቀለቀው እየነገረኝ ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። እኔም አልተመለስኩም። ናፍጣውን የቀዳህበት ማደያ ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ማደያ ስንቱ ቀድቶ በሰላም ሄዷል አልኩ። ሠራተኞቹ መፍቻቸውን አስቀምጠው ያዩናል። እናቴ ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና መሐላችን መጥታ ቆመች።

«ወርቁ ልጄ፣ ውሃ አይደለም» አለች። «ጸበል ነው።»

ጋሽ ወርቁ ቆቡን አወለቀ።

«ሰው ሲታመም ይረጩታል ብቻ? ያጠጡታልም እንጂ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ከላይዋ ተረጭታ ብቻ ይህን ሁሉ አገር እንዴት ትችለዋለች ብዬ ነው። ትናንት ዞር ስትሉልኝ በዚያ ባሳየኸኝ በኩል አጠጣኋት።»

«ብዙ ነው፣ እማማ?»

«ያቺን ቢጫ ጀሪካኔን።»

«ሙሉውን?»

«ጸበል ይቆጠባል እንዴ፣ ልጄ?»

ጋሽ ወርቁ ለመሳቅም ለማዘንም ተቸገረ። ቀስ ብሎ ወንበሯ ላይ መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ውሃው እስከ ፖምፓው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሰልባትዮው ወርዶ መታጠብ፣ ፖምፓውም ተፈትቶ መታየት እንዳለበት በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ። ዛሬ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ነገም አይደለም።

ሰልባትዮው ሲወርድ ያልጠበቅነው ጣጣ መጣ። ሠራተኞቹ ከናፍጣ ጋር የተቀላቀለውን ጸበል በሰፊ ገንዳ ቀዱት፤ የሚደፋበት ቦታ ግን ጠፋ። የጋራዥ ውሃ ሁሉ የሚሄደው ግሪስና ዘይት ወደሚፈስበት ቦይ ነው። «እኔ ጸበል ቦይ ውስጥ አልደፋም» አለ አንዱ። «እኔስ ብሆን?» አለ ሌላው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር እንዳይደፉት ናፍጣው ዛፉን ያደርቃል። መጨረሻ ላይ ጋሽ ወርቁ ገንዳውን ጥግ አስቀምጦ በቆርቆሮ ከደነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሁሉ በዚያ በኩል እንዳያልፍም አስጠነቀቀ። ለጸበሉ ክብር ይሁን ለናፍጣው ፍራቻ አላውቅም። የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ፖምፓው ተፈታ፤ እንደፈራነው የተበላ ዕቃ ተገኘበት። ዕቃውን ስንፈልግ፣ ሲገኝ አልገጥም ሲል፣ ሌላ ስንፈልግ ቀናት አለፉ። ከማዶ የሚመጣው ወሬ ደግሞ በየቀኑ ይለዋወጣል። ተስፋይ እየደወለ አንዱ ኬላ ተዘጋ፣ ሌላው ጠበቀ፣ ወረቀት ሊጠየቅ ነው ይለኛል። እኔ ከቢሮ እየወጣሁ ጋራዥ እሮጣለሁ፣ ጋሽ ወርቁን እነዘንዛለሁ። እናቴን እህቷ ጋ ሳላደርሳት መንገዱ ከተዘጋ ራሴን ምን እለዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ ግን በየቀኑ ጋራዥ መጥታ ያቺ ወንበር ላይ አንዴ ቁጭ አንዴ ብድግ ትላለች። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሻሿን ፈትታ ራሷን አከከች። ዕድሜ ልኳን አጭር አድርጋ የምትቆረጠው ጸጉር ጆሮዋን አልፎ ወርዷል። ደነገጥኩ።

«ድንበሩ ከተከፈተ ወዲህ አልቆረጥኩትም» አለችኝ። «ልጅ ሳለሁ ለምለም ናት የምትሠራኝ። እጇ ይከብዳል፣ ታጠብቀዋለች። ሁለት ቀን ራስሽን ትራስ ላይ ማሳረፍ አትችይም። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሷ በማበጠሪያው ጀርባ ትከሻዬን እየመታች ዝም በይ ትለኛለች።» ሽበቷን በጣቷ እያበጠረች ትንሽ ሳቀች። «አሁን ብትሠራኝ አላለቅስም ነበር።»

እንዲህ ያለ ናፍቆት አይቼ አላውቅም። ለማንም እንዲህ ናፍቄም አላውቅም። ተነሥቼ ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድኩና ሥራውን እንዲያፋጥን ለመንኩት።

ያለቀበት ቀን ፀሐይ የወጣበት ብሩህ ጠዋት ነበር። ጋሽ ወርቁ የመጨረሻውን ቡሎን አጠበቀና «በል አስነሣት» አለኝ። ቁልፉን ሳዞረው ጡረተኛዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከገዛኋት ጀምሮ ሰምቼባት አላውቅም። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። በዚያው መሐል ስልኬ ጠራ። ተስፋይ ነው።

«መጣችሁ እንዴ?» አለኝ።

«ልንነሣ ነው።»

«ተዉት በቃ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መኪና እየመለሱ ነው። እግረኛም ያለ ወረቀት አያልፍም። ወረቀቱን ማን እንደሚሰጥ ደግሞ የሚያውቅ የለም።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ፊቴን አይተው ሁሉም ገባቸው። ጋሽ ወርቁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሌላ መኪና ሄደ፤ እዚያም ምንም ሳይሠራ ቆመ። እናቴ ወደ መኪናዋ መጥታ ከፊት፣ ከጎኔ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ከፊት የተቀመጠችው።

«ተዘጋ?» አለችኝ።

«ተዘጋ፣ እማ። ግን ወረቀት ማለት ምንም አይደለም። እጠይቃለሁ፣ ሰው እፈልጋለሁ። አዲግራት ሄደን እንጠብቃለን።»

እጇን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ተው» አለች።

«እንዴት ተው? ሃያ ዓመት ሙሉ...»

«ካልሄድኩ ለምለም አለች» አለችኝ። «ከሄድኩ ግን ወይ አለች፣ ወይ የለችም።»

በዚያ ጠዋት በመስታወት ያየሁት ፊቷ ትዝ አለኝ። «እማ፣ ጸበሉን ያጠጣሻት እንዳትሄድ ብለሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

«እኔስ እንድትሄድ ብዬ ነው። ማርያምን» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችው እናቴ አሁን አለቀሰች። «ሌሊቱን ግን ፈርቼ አደርኩ። ደርሼ ሞታለች ቢሉኝስ? መቃብሯን ቢያሳዩኝስ? ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር አወራለሁ? እግዜር በአፌ የለመንኩትን ትቶ በልቤ ያለውን ሰማ መሰለኝ።»

አቀፍኳት። ከዚያ ወደ ካዛንቺስ ይዣት ተመለስኩ። በሳምንቱ ጸጉሯን ተቆረጠች። ቡናውን ለጎረቤት አካፈለች፤ ነጠላውን ግን ለለምለም ነው ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ወጡም ጨው ሲበዛበት ለምለም እንደ ድሮዋ ትስቅብን ጀመር።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ምን ዓይነት ልጅ ነህ፣ በግድም ቢሆን አትወስዳትም ነበር የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ራሴን እንዲያ ያልኩባቸው ቀኖች አሉ። ያ ሳምንት ግን ለውጦኛል። ከዚያ በፊት ናፍቆት ማለት መድረሻ ያጣ መንገድ ይመስለኝ ነበር፤ መኪና ከተገኘ፣ ነዳጅ ከሞላ፣ የሚያልቅ ነገር። ለአንዳንድ ሰው ግን ናፍቆት አብሮ መኖሪያ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ስለ ጠፋ ወንድሙ፣ ስለማያውቀው አባቱ ሲያወራኝ «ለምን አትፈልገውም?» ብዬ አልቸኩልበትም። ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። እናንተም ብትሰሙ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቴም አረፈች። እንዴት እንደምትናፍቀኝ መጻፍ አልችልም፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ናቸው አብረው ዝም ያሉት።

በሠልስቷ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶ ያልደረሰው ዘመድ ማን እንደሆነ ይነጋገሩ ጀመር። ጎንደር ላለችው ማን ይደውል፣ ድሬዳዋ ላለው ማን ይሂድ ተባባሉ። ከዚያ አንዱ «ማዶ ላለችው እህቷስ?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወግ ነው፤ እህት የእህቷን ሞት ሳትሰማ መቅረት የለባትም። ሰው ፈልጎ፣ በሦስተኛ አገር በኩልም ቢሆን መላክ ይቻል ይሆናል አሉ።

«ተዉአት» አልኩ። እነሱም ድሬዳዋ ወዳለው ዘመድ ነገር ተመለሱ።

እኔ እንደማስበው ለምለም ዛሬ ጠዋት እዚያ ቆላ መንደር ውስጥ ከደጇ ወጥታ ቆማለች። አርጅታለች፣ እጇ ግን አሁንም ይከብዳል። አንዷን የልጅ ልጇን ጸጉር እየሠራች፣ አልችልም ብላ ስታለቅስባት በማበጠሪያው ጀርባ ትከሻዋን እየመታች፣ «ታናሽ እህቴ አብረኸትም እንዲሁ አልቃሻ ነበረች። አዲስ አበባ ነው ያለችው። እንዴት ሆና ይሆን?» ትላታለች።

ደህና ናት፣ አክስቴ። ደህና ናት።